ጠቋሚ ወይስ ምስክር?



አንድ ሰው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ በደል ሲፈጸም ያያል እንበል። የሕዝብ ገንዘብ ሲጎድል፣ ለድሃ የመጣ እህል በጓሮ በር ሲወጣ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ሲገባ ያያል። ቢናገር እንጀራውን ያጣል፤ ልጆቹም አብረውት ይራባሉ። ዝም ቢል ደግሞ የተበደለው ሰው በደሉ ሳይታወቅለት ይቀራል። ይህ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ለተናገረውስ ሰው እኛ ምን ዕዳ አለብን?

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ አንሥተን እንከራከራለን። «ሕሊና ያለው ሰው ይናገራል፤ የፈራ ዝም ይላል» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለተኛው ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ነው። ጥላ ሳያበጁለት ሰውን ፀሐይ ላይ ቁም ማለት ፍርድ አይደለም። ሰው ጀግና እንዲሆን ከመጠየቃችን በፊት፣ ጀግና ሳይሆንም እውነት መናገር የሚችልበትን ሥርዓት አበጅተንለታል ወይ ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ እንነጋገር። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን ለመጠበቅ የታወጀ ነው። ሕጉ የመረጠው ቃል «ጠቋሚ» የሚለው ነው። ይህን ቃል ሲሰማ ሰውነቱ የማይሸማቀቅ ማነው? ወላጆቻችን የነገሩንን እናስታውስ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሰዎች በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ እየተሰበሰቡ ራሳቸውን እንዲያጋልጡ፣ የሚያውቁትንም እንዲያጋልጡ ይገደዱ ነበር። ጠቋሚ ጣቱን የቀሰረበት ሰው ማታውን ከቤቱ ይወሰድ ነበር። እናት በልጇ ጓደኛ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እምነት አጣ። ስለዚህ በአገራችን ዝምታ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ወንድምን አሳልፎ ላለመስጠት የተከፈለ ዋጋም ነበረበት። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን የተወደደው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሕግ መጥቶ «ጠቋሚ ሁን፣ እጠብቅሃለሁ» ሲል ሕዝቡ ጆሮውን ቢደፍን ያስገርማል? አያስገርምም። ይሁንና አንድ ስም የተሸከሙ ሁለት ነገሮች ሁሉ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነታቸውን መፈለግ አለብን።

አንዳንዶች ልዩነቱ በዋጋው ላይ ነው ይላሉ። ጆሮ ጠቢ ይከፈለዋል፤ እውነተኛ ምስክር ግን ራሱ ይከፍላል ይሉናል። ነገሩ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ አይዘልቅም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ለሠራዊቱ የተበላሸ ዕቃ እያቀረቡ ገንዘብ የሚበሉ ነጋዴዎችን ለመቅጣት አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ማጭበርበሩን ገልጦ ክስ የመሠረተ ሰው ከሚመለሰው ገንዘብ ድርሻ ያገኛል። ይህ ሕግ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ድርሻውን ስለ ተቀበለ ሰውየው የተናገረው እውነት ሐሰት ይሆናል? አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ ምንም ሳይከፈለው፣ ከልቡ አምኖ ጎረቤቱን ያስገደለ ሰው ነበረ። ስለዚህ ዋጋው መለያ ሊሆነን አይችልም።

እኛ እንደሚመስለን መለያው የሚነገረው ነገር ምንነት ላይ ነው። ጆሮ ጠቢ የሚያወጣው የሰውየውን የራሱን ነገር ነው። ምን እንደሚያስብ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ በቤቱ ምን እንዳወራ ይናገራል። ይህ የማንም አደራ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። እኛ ምስክር የምንለው ሰው ግን የሚያወጣው አደራን ነው። የእህሉ፣ የመድኃኒቱ፣ የገንዘቡና የወረፋው ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ጠባቂ ብቻ ነው። አደራ በተበላ ጊዜ ለባለቤቱ መንገር ምሥጢር ማውጣት ሊባል አይችልም። የራሱን ንብረት ወሬ ለራሱ ማድረስ ነው።

ይህን ልዩነት አባቶቻችን ያውቁት ነበር። በገጠር ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ይጠራ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ወደ ሥራው አይመለስም። ያየ ሰው ግን በአደባባይ ተነሥቶ «እገሌ ነው» ለማለት ቢፈራ፣ «ወፌ» ሆኖ ለተመረጡት ሽማግሎች በምሥጢር ይነግር ነበር። ወፏ ነገረችን ይባላል እንጂ የሰውየው ስም አይወጣም። እንግዲህ የጠቋሚ ስም መሸሸግ ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ፍርሃት የሰው ጠባይ መሆኑን አምነው፣ እውነት በፍርሃት ምክንያት እንዳይቀር መንገድ ያበጁ ሰዎች በአገራችን ነበሩ።

ሆኖም አፈርሳታን ብቻ አናመስግን። ጉድለቱም ከጥቅሙ አይተናነስም። ቂም ያለው ሰው በወፌ ስም ጠላቱን ሊያስወነጅል ይችል ነበር። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ ያገሩ ሰው ሁሉ በጋራ ካሣ ይከፍል ነበር፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ብርቱውን ተቃውሞ እንመልከት። «የጎረሱበትን እጅ መንከስ ነውር ነው» ይባላል። ደመወዝ የሚከፍልህን መሥሪያ ቤት ጉድ አደባባይ ማውጣት ክህደት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛም ታማኝነትን አናቃልልም፤ ታማኝነት የሌለበት ሥራ አይጸናም። ነገር ግን እጁ የማን ነው ብለን እንጠይቅ። በእርዳታ መጋዘን የሚሠራ ዕቃ ቤት ጠባቂ ደመወዙ የሚከፈለው የተራበ ሰው ስላለ ነው። የተራበው ባይኖር መጋዘኑም፣ ኃላፊውም፣ ጠባቂውም አይኖሩም ነበር። እንግዲያው ያጎረሰው የረኃብተኛው እጅ ነው። ክህደትም ካለ፣ የዚያን እጅ መንከስ ነው።

ይህን ለመረዳት ከራሳችን ታሪክ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ሲገባ መሥሪያ ቤቶቹ አላወቁም ለማለት አይቻልም። የእህል መጥፋት፣ የሰው ፍልሰት፣ በመንገድ ዳር የወደቀው ሁሉ በየደረጃው የሚታይ ነገር ነበር። ነገር ግን መጥፎ ወሬ ወደ ላይ መላክ የመንግሥትን ስም ማጉደፍ ተብሎ ስለ ተቆጠረ ወሬው በየጠረጴዛው ተኛ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ለተማሪው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም አወቀ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ይኸው ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። በመካከሉ የሞተውን ሰው ግን ማንም አልመለሰውም።

ከዚያ ረኃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍልም ተበጀለት። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ይህ ኮሚሽን ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ ለረጂ መንግሥታት አስታወቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአገር ቤት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና የፓርቲው ምሥረታ ዝግጅት ይካሄድ ነበር፤ የረኃብ ወሬም በዓሉን የሚያጠላ ሆኖ ታየ። ረጂዎቹም ቢሆኑ ፈጥነው አልተንቀሳቀሱም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስም በ1985 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአገር ወጥተው አልተመለሱም፤ ያዩትንም በኋላ በመጽሐፍ ጻፉ። ከሁለቱ ረኃቦች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ማየት የሚችል ዓይን ማቋቋም ብቻውን አይበቃም። የሚናገረው አፍ ካልተጠበቀ ዓይኑ ያየውን ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንመለስ። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለጠቋሚውና ለምስክሩ፣ ለቤተሰባቸውም ጭምር፣ ልዩ ልዩ ጥበቃዎችን ይዘረዝራል። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ በስተጀርባ መመስከር፣ ተከሳሹ ወደ ጠቋሚው ቤትና ሥራ ቦታ እንዳይደርስ ማገድ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አዋጁ የሚሠራው ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ በሆነ ጊዜ፣ ወንጀሉም ያለ ጠቋሚው ቃል ሊገለጥ የማይችል በሆነ ጊዜ፣ በጠቋሚውም ላይ ከባድ አደጋ የሚያሠጋ በሆነ ጊዜ ነው።

በሩ ለትልቁ ዝሆን ተለክቶ ተሠርቷል። አብዛኛው የመሥሪያ ቤት በደል ግን አይጥ ነው። በየሳምንቱ አንድ ኩንታል፣ በየወሩ አንድ የሐሰት ፊርማ ነው። ጠቋሚውን የሚያገኘውም በቀል እንደዚሁ ትንሽ ነው። ጥይት አይተኮስበትም፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል።

እኛ በመምህርነት ሥራ ላይ ሳለን የምናውቀው አንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። የትምህርት ቤቱንም የሰውየውንም ስም አንጠራም። ለአዳሪ ተማሪዎች የገባው ጤፍ በሞዴል 19 የተመዘገበው ሌላ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ወጥ ቤት የደረሰው ሌላ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱን በወረቀት ጽፎ ለበላይ አቀረበ። ማንም አልተቆጣውም፤ እንዲያውም ተመሰገነ። ከሁለት ወር በኋላ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰው፤ መንገድ ወደማይገባበት ወረዳ ተዛወረ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህ ቅጣት ነው ብሎ ለማን ይክሰስ? በደብዳቤው ላይ ቅጣት የሚል ቃል የለም። ከዚያ በኋላ በዚያ ዕቃ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሞዴል 19ን ከሞዴል 22 ጋር ማስተያየት ተወ። አንድ ሰው ተዛወረ፤ መቶ ሰው ተማረ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም በፍርድ ሂደት ስለተካፈለ ሊባረር አይገባም ይላል፤ የተባረረም ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የሚናገረውም ስለ መባረር እንጂ እንዲህ ስላለው ዝውውር አይደለም። ስለዚህ የሕግ ጥበቃ እውነተኛ የሚሆነው አንድ ነገር ሲጨመርበት ነው ብለን እናምናለን። ጠቋሚው ከተናገረ በኋላ ክፉ ነገር ቢያገኘው፣ በቀል አለመሆኑን የሚያስረዳው አለቃው ይሁን። ወረቀቱ፣ ማኅተሙና ፋይሉ በአለቃው እጅ ነውና ማስረጃውንም ያምጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ደንብ ይህንኑ መርሕ ይዟል። ሠራተኛው ባይናገርም ኖሮ ያው እርምጃ ይወሰድበት እንደነበር በግልጽ ማስረጃ ማሳየት ያለበት አስተዳደሩ ነው።

ሕግ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃም እናውቃለን። ደቡብ አፍሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ጠቋሚ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም በነሐሴ ወር 2021 እ.ኤ.አ. በጤና መሥሪያ ቤት የሒሳብ ኃላፊ የነበሩት ባቢታ ዴኦካራን በአንድ ሆስፒታል የሚወጣውን አጠራጣሪ ወጪ ከጠቆሙ በኋላ በጆሐንስበርግ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ሕጉ በመጽሐፍ ነበረ፤ ጠባቂ ግን በደጃፋቸው አልቆመም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ለእኛ ለስደተኞች የሩቅ ወሬ አይደለም። በናይሮቢ የዩኤን ኤች ሲ አር ጽሕፈት ቤት ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር የሚፈልጉ ስደተኞች ገንዘብ ይጠየቁ እንደነበር የድርጅቱ መርማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አረጋገጡ። ምርመራው በሚካሄድበት ጊዜ በባለሥልጣኖች ላይ የግድያ ዛቻ እንኳ ተላከ። እዚሁ ካርቱም ደግሞ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ስደተኞች በሪሴትልመንት ጉዳይ ጉቦ እንደሚጠየቁ ለአንድ የዜና ድርጅት ተናገሩ፤ ወዲያውም ዩኤን ኤች ሲ አር ከሱዳን የሚደረገውን የማሻገር ሥራ ለምርመራ አቆመው።

በዚህ ጊዜ የተነሣውን ጥያቄ ልብ እንበል። ጉቦ ያልከፈለው፣ በእውነተኛ ወረፋው ለዓመታት የጠበቀው ሰውም አብሮ ቆመ። «ምነው ባልተናገሩ ኖሮ» ለማለት የሚቃጣው ሰው ቢኖር እንዴት እንፈርድበታለን? ልጁ ታሞበት ቀን የሚቆጥር ሰው ነው። ነገር ግን ወረፋውን ያቆመው የተናገረው ሰው አፍ ነው ወይስ የበላው ሰው እጅ? ወረፋው በገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ድሮም ቢሆን ለድሃው ወረፋ አልነበረም። ደግሞም ነገሩ ሲገለጥ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር አንድ ላይ ማቆም የቀድሞውን የአፈርሳታ ጉድለት መድገም ነው። በአንድ ሌባ ምክንያት አገር ሁሉ እንዲከፍል ከተደረገ፣ አገሩ በሌባው ላይ ሳይሆን በወፌው ላይ ይነሣል። ስለዚህ ጠቋሚን መጠበቅ ማለት ንጹሑን ሕዝብ በምርመራ ስም አለመቅጣትም ጭምር ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። ያ የድርጅቱ ደንብ የተጻፈው ለድርጅቱ ሠራተኞችና ለእሱ ለሚሠሩ ነው። ስደተኛው ሠራተኛ አይደለም። የሚያስተረጉመው፣ ራሽን የሚያድለው፣ በር ላይ ስም የሚጠራው ወንድማችን በትንሽ አበል የተያዘ ነው፤ ኮንትራቱም ብዙ ጊዜ ቃል ብቻ ነው። ይህ ሰው ከማንም በላይ ያያል፤ ከማንም በታች ግን ይጠበቃል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንን ያጠፋው ጦርነት መሥሪያ ቤቶችን ከበተነ በኋላ ደግሞ አቤት የሚባልበት በር ራሱ ጠፍቶ ነበር። ጥበቃ ለሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለተረጂውም ሊሰፋ ይገባል የምንለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሐሰት ጠቋሚ ነገር ነው። ስም ከተሸሸገ ቂመኛ ሁሉ ይጠቁማል የሚለው ሥጋት እውነት አለው። መልሱ ግን ጠቋሚን ማጋለጥ አይደለም፤ ጥቆማን ከፍርድ መለየት ነው። ጥቆማ «ሂዱና እዩ» ማለት ነው እንጂ «ስቀሉት» ማለት አይደለም። የተጠቆመበት ሰው እስኪመረመር ድረስ ንጹሕ ነው፤ መልስ የመስጠትም መብት አለው። ጠቋሚውም በቅን ልቡና አምኖ ከተናገረ፣ ነገሩ ተመርምሮ ሐሰት ቢሆን እንኳ ሊቀጣ አይገባም። እያወቀ የዋሸው ግን ይጠየቅ። በቀይ ሽብር ጊዜ የጠፋው ይህ ልዩነት ነበር። ጥቆማው ራሱ ፍርድ ነበር።

ወገኖቻችን፤ ሕግ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው፤ እኛ በዚህ መጠለያ ማኅተምም ጦርም የለንም። ሆኖም ከሕግ በፊት የሚሠራ አንድ ነገር በእጃችን አለ። አንድ በደል ሲወራ በመካከላችን ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ተናገረ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለበዳዩ የምንሠራለት የነፃ አገልግሎት ነው፤ እሱ የሚፈልገውን ሰው እኛ እየፈለግንለት ነውና። በዚያ ፈንታ «እውነት ነው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የተናገረውን ሰው ቡና ላይ ከመጥራት አንቆጠብ፤ ሥራውን ካጣም ቤቱ እህል እንዳይጠፋ ከራሽናችን አንድ አንድ ጣሳ ዱራ እናዋጣ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እህሉ ግን ይነቅዛል፤ ባለቤቱም ይራባል።

ካርቱም